ካልፈቀድሽ አንቀመጥም

ሽማግሌ ተልኮበት የሚያውቅ ሰው፣ የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ጭንቀቴን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሽማግሌ የሚላከው እንቢ ያለ ሰው ሲኖር ነው። እንቢ ያልኩት ደግሞ እኔ ነበርኩ፤ ያውም ደጋግሜ፣ ያውም አፌን ሞልቼ።

ማን እንደሆንኩ ላስቀድም። ሰብለ እባላለሁ። ሆስፒታል ውስጥ፣ ላብራቶሪ ነው የምሠራው። ቤቴ ሳን ሆዜ ነው፣ ከካምቤል ጋር በሚዋሰንበት በኩል፤ ዝቅ ዝቅ ያሉ ቤቶች፣ ሰፋፊ ጓሮዎች፣ ፎቅ የሚባል ነገር የማይታይበት ሰፈር። ከዚያ በፊት ከባለቤቴ ከግርማ ጋር ኦክላንድ፣ ከቴሌግራፍ አቬኑ ገባ ብሎ በሚገኝ አፓርትመንት ውስጥ ብዙ ዓመት ኖረናል። ከበላያችን ያሉት ሰዎች ሲጣሉም ሲታረቁም እኩል እንሰማቸው ነበር። ግርማ ሌሊት እየሠራ ቀን መተኛት ስለነበረበት፣ ትራሱን ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶ፣ «አንድ ቀን ከበላያችን ሰማይ ብቻ ያለበት ቤት እንገዛለን» ይለኝ ነበር። ገዛንም። ብዙ ግን አልኖረበትም። ሲታመም የመጨረሻዎቹን ወራት ያሳለፈው ጓሯችን ውስጥ፣ የበለስ ዛፋችን አጠገብ ባስቀመጥኩለት ወንበር ላይ የከሰዓት ፀሐይ እየሞቀ ነው። ካረፈ በኋላ ወንበሩን ከቦታው አላነሳሁትም። ከሥራ ስመለስ ያቺ ፀሐይ ወንበሩ ላይ ታርፋለች፤ እኔም አጠገቡ ቁጭ እላለሁ። ሞኝነት ነው በሉኝ። ለኔ ቤት ማለት ያቺ ሰዓት ናት።

ሰፈራችን ኮቨናንት የሚሉት ነገር አለው። መሬቱ መጀመሪያ ሲሸነሸን የተገባ ውል ነው፤ በአንድ ቦታ ላይ አንድ ቤት ብቻ፣ ፎቅ የሌለው፣ ለአንድ ቤተሰብ ብቻ እንዲሠራ የሚያስገድድ። ቤት የገዛ ሁሉ ውሉንም አብሮ ይገዛል። ይኸው ውል ድሮ እንደ እኔ ያለ ጥቁር ሰው ሰፈሩ ውስጥ እንዳይገዛ ይከለክል እንደነበር የነገረችኝ ጎረቤቴ ሊንዳ ናት፣ ፊቷ ቲማቲም መስሎ። ያ መስመር በሕግ ከተሻረ ቆይቷል። እኔም የተሻረው ተሽሯል፣ የቀረው ይጠቅመኛል ብዬ አለፍኩት።

ሊንዳ ከፊት ለፊቴ፣ መንገዱን ተሻግሮ የምትኖር ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። ግርማ በታመመ ጊዜ ሾርባ ሠርታ በራችን ላይ ታስቀምጥ ነበር። የቆሻሻ በርሜላችንን ሳንጠይቃት የምታወጣውም የምታስገባውም እሷ ነበረች። ይህን አስቀድሜ የምላችሁ በኋላ የሚመጣውን ስታነቡ ክፉ ሴት እንዳትመስላችሁ ነው።

ነገሩ የተነሳው ከኔ አጥር ቀጥሎ ያለው ቤት ሲሸጥ ነው። የገዛው በረከት ነበር፤ የቤተክርስቲያናችን ልጅ፣ ኮንስትራክሽን ውስጥ ገብቶ የተሳካለት። ሐሳቡ ቤቱን አፍርሶ ባለ ሦስት ፎቅ አፓርትመንት መሥራት ነው። ከበለሴ በስተምዕራብ ሦስት ፎቅ ቆመ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ የግርማ ወንበር ጥላ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ኮቨናንቱ ግን ይከለክለዋል። ውሉ የሚነሳው ከሰፈሩ ባለቤቶች አብላጫው «ይነሳ» ብለው ሲፈርሙ ብቻ ነው። ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ ቤቱን በውድ ሊሸጥ አሰፍስፎ ፈረመ፤ ገሚሱ ከሊንዳ ጋር ቆመ። ሄዶ ሄዶ ነገሩ እኔ ላይ ተንጠለጠለ። ከፈረምኩ ውሉ ይነሳል፣ ካልፈረምኩ ይጸናል።

በረከት ራሱ መጣ፤ እንቢ አልኩት። ሚስቱን ላከ፤ እንቢ አልኳት። እሁድ እሁድ ቤተክርስቲያን ጉንጭ ለጉንጭ እንሳሳማለን፣ ዓይን ለዓይን ግን አንተያይም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ያስፈራኝ ጀመር። የማላውቃቸው ሰዎች መኪናቸው ውስጥ ቁጭ ብለው ቤቶቻችንን ፎቶ ያነሳሉ። «ሰፈራችንን እንጠብቅ» የሚለውን፣ ሊንዳ በየግቢያችን የተከለችልንን ምልክት አንድ ጠዋት ተነቅሎ አገኘነው፤ የኔው ለሁለት ተሰብሮ ደጃፌ ላይ ተጥሏል። ከመንገዱ ጫፍ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ደግሞ ሁለት ሰዎች ሳሎናቸው ገብተው እስኪፈርሙ ድረስ አንወጣም እንዳሏቸው ለሊንዳ ነገሯት። በረከት ይሁን፣ ሌላ ቦታ ለመግዛት ያሰቡ ሰዎች ይሁኑ፣ ማንም አላወቀም።

«ወዳንቺም ይመጣሉ» አለችኝ ሊንዳ፣ ክንዴን ይዛ። «ብቻሽን ነሽ። በር አትክፈቺ። ከገቡብሽ ግን መጋረጃውን ክፍት አድርጊው፤ እኔ ከመስኮቴ አይሻለሁ። ቴክስት አደርግልሻለሁ። ካልመለስሽልኝ ፖሊስ እጠራለሁ።»

አመሰገንኳት። እውነቴን ነው፣ አንድ ሰው እየጠበቀኝ እንደሆነ አውቄ መተኛቴ ደስ ይለኝ ነበር።

አርብ ማታ ፓስተር ዳዊት ደወሉ። «እህት ሰብለ፣ ነገ ጠዋት ቤት ነሽ?» አሉኝ። ድምፃቸው ስብከት ላይ እንዳለው አልነበረም።

«አለሁ ፓስተር። በሰላም ነው?»

«በሰላም ነው። ብቻዬን አይደለሁም የምመጣው፤ ጋሽ መኩሪያም አሉ።»

ጋሽ መኩሪያ ሲባል ገባኝ። እሳቸው የጉባኤያችን አንጋፋ ናቸው፤ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም። ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል፣ እንግሊዝኛም የላቸውም። አንድ ጊዜ ሆስፒታላችን ለምርመራ ይዣቸው ስሄድ በር ላይ ያለውን ጥበቃ ገና ሲያዩ እጃቸውን ኮታቸው ውስጥ ከትተው መታወቂያቸውን አወጡ። መኪና ማቆሚያ ላይ ያለውንም ሠራተኛ እንደዚያው። «ማንም አልጠየቀዎትም እኮ» ስላቸው፣ «ዩኒፎርም ለለበሰ ሳይጠይቅ ማሳየት ነው» አሉኝ። እሳቸው ባሳለፉት ዘመን መታወቂያ ለማውጣት የዘገየ ሰው ቤቱ ላይመለስ ይችል ነበር። ያን ጊዜ ስቄባቸው ነበር።

ቅዳሜ ዳቦ ገዝቼ፣ ሻይ በቴርሞስ አፍልቼ ጠበቅኩ። መጡ። ፓስተር ዳዊት፣ ጋሽ መኩሪያ፣ እና ከኦክላንድ እየነዱ ያመጧቸው አቶ ሙሉጌታ። ሦስቱም ጥቁር ሙሉ ልብስ፣ ጋሽ መኩሪያ ከዘራቸውን ይዘው። ሳሎኑ ጨለም ብሎ ስለነበር መጋረጃውን ከዳር እስከ ዳር ገለጥኩት። ሽማግሌ በጨለማ ቤት አይቀበሉም። ስልኬንም ድምፁን አጥፍቼ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ተውኩት። ሽማግሌ ፊት ስልክ የሚነካካ ምን ዓይነት ሰው ነው?

የሊንዳ ነገር ትዝ አላለኝም። ሊንዳ የነገረችኝ ስለ መጥፎ ሰዎች ነበር፤ እነዚህ ደግሞ የኔ ሰዎች ናቸው። ሁለቱን በአንድ አእምሮ የማገናኝበት ምክንያት አልነበረኝም።

«እባካችሁ ተቀመጡ» አልኳቸው።

ጋሽ መኩሪያ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንቀመጥም ልጄ። ጉዳይ ይዘን ነው የመጣነው። ካልፈቀድሽ አንቀመጥም።»

እነሱ ከቆሙ እኔ እንዴት እቀመጣለሁ? አራታችንም ሳሎኑ መሐል ቆምን፤ እነሱ በሰልፍ፣ እኔ ፊት ለፊታቸው።

ፓስተር ዳዊት ጀመሩ። «እህታችን፣ በረከት ልጅሽ ነው። ያጠፋው ካለ እኛ ይቅርታ እንጠይቃለን። የሚሠራው ቤት ለራሱ ብቻ አይደለም። ከጉባኤው ማደሪያ ያጡ ሰዎች አሉ፤ ለነሱ ክፍሎች መድቧል። አንድ ፊርማ ነው የቀረው፣ ያንቺ።»

«ፓስተር፣ በረከትን አልጠላሁትም» አልኩ። «ግን ሦስት ፎቅ ነው። ግርማ እዚያ ጓሮ ውስጥ ነው ያረፈው ማለት ይቻላል። ፀሐዩን ይወስድብኛል።»

«ግርማ የዋህ ሰው ነበር» አሉ ጋሽ መኩሪያ። ጆሯቸው ደከመ እንጂ ስሙን ከከንፈሬ ላይ አንብበዋል። ከዘራቸውን አንስተው ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶውን አመለከቱ። «እሱ ቢኖር ምን ይል ነበር? በሱ ይዤሻለሁ ልጄ።»

ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። በግርማ መያዝ አልነበረባቸውም። ፊቴን በእጄ ሸፍኜ አለቀስኩ። እነሱም ቆመው ጠበቁኝ፤ ሽማግሌ የሚያለቅስ ሰው ፊት ዝም ነው የሚለው። ኩሽና ውስጥ ስልኬ ጠረጴዛው ላይ እየተርገበገበ ሲያንጎራጉር ይሰማኛል። ያቆማል። ደግሞ ይጀምራል። ልጄ ሊዲያ ከኮሌጅ ትሆናለች፣ በኋላ እደውልላታለሁ ብዬ ተውኩት።

«አልችልም» አልኳቸው በመጨረሻ። «ሌላ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ።»

«ሌላ አንፈልግም» አሉ ፓስተር ዳዊት በቀስታ። «እንቆማለን።»

ቆሙ። ሻዩ ቴርሞሱ ውስጥ፣ ዳቦው ጨርቅ ውስጥ እንዳለ። የጋሽ መኩሪያ ጉልበት ሲንቀጠቀጥ ሱሪያቸው ላይ ይታየኛል። አቶ ሙሉጌታ ክብደታቸውን ከአንድ እግር ወደ ሌላው ያዛውራሉ። «ኧረ እሳቸው እንኳ ይቀመጡ» ብዬ ለመንኩ። ፓስተር አቀረቀሩ። ጋሽ መኩሪያ ግን ዓይናቸውን ከአፌ ላይ አልነቀሉም፤ አንድ ቃል እየጠበቁ ነው። በዚህ ዓይነት ምን ያህል እንደቆምን አላውቅም። ስልኩ ዝም አለ። መንገዱም ዝም አለ። ቅዳሜ ጠዋት ሣር የሚያጭደው ጎረቤቴ እንኳ ማሽኑን አጥፍቷል። ለምን እንዳጠፋው ያን ጊዜ አልጠየቅኩም።

ግድግዳው ላይ፣ የግርማ ፎቶ አጠገብ፣ ቀይና ሰማያዊ ብርሃን እየተፈራረቀ አለፈ። ሳይረን የለም። የመኪና በሮች ተከፈቱ፣ አልተዘጉም።

ከዚያ በሩ ተደበደበ።

ስከፍተው አንዲት ፖሊስ ክንዴን ይዛ ወደ ውጭ ሳበችኝ። «ተጎድተሻል? ቤት ውስጥ መሣሪያ አለ?»

«ምን መሣሪያ? እንግዶቼ ናቸው!» አልኩ። ፊቴ ግን በእንባ አብጧል፤ ማን ያምነኛል? በጎኔ አንድ ወጣት ፖሊስ አልፎኝ ገባ። ሌላም ከኋላው አለ። በክፍቱ በር ሁሉን አያለሁ፣ እጄ ግን ተይዟል።

«ሲት ዳውን!» አለ ወጣቱ። «ሁላችሁም ሶፋው ላይ! እጃችሁን ልየው!»

አቶ ሙሉጌታ እጃቸውን ወደ ላይ አድርገው ወዲያው ተቀመጡ። ፓስተር ዳዊት እጃቸውን አነሱ፣ ጋሽ መኩሪያን አዩ፣ እሳቸውም እያመነቱ ተቀመጡ። «አይሰማም፣ ሽማግሌው አይሰማም!» እያሉ በእንግሊዝኛ ይጮሃሉ፤ ወጣቱም ይጮሃል፤ ድምፅ በድምፅ ላይ ሆነ።

ጋሽ መኩሪያ ብቻ ቀሩ። ቆመዋል። ከእንግሊዝኛ ከሚያውቋቸው ሁለት ሦስት ቃላት አንዷ ሐኪም ቤት ሁልጊዜ የሚሏቸው «ሲት ዳውን» ናት፤ ከወጣቱ ከንፈር ላይ አነበቧት። የተጋበዙ መሰላቸው። ፈገግ ብለው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉና «ኖ፣ ሴንክዩ ልጄ» አሉት።

«ዱላውን ጣል! ተቀመጥ!»

ያን ጊዜ ዩኒፎርሙን ልብ አሉት። ፊታቸው ኮስተር አለ፤ ፍርሃት አይደለም፣ የሚገባውን ለማድረግ የተዘጋጀ ሰው ፊት ነው። ከዘራቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ። ቀኝ እጃቸው ኮታቸው ውስጥ ገባ።

ወጣቱ ሽጉጡን አወጣ።

ሕይወቴን በሙሉ የሰው ደም አይቻለሁ። በዚያች ቅጽበት ግን ገና ያልፈሰሰ ደም ምንጣፌ ላይ አየሁ። ፓስተር በአማርኛ «እጅዎን! ጋሽ መኩሪያ እጅዎን!» ይላሉ፤ ከጎናቸው ስለሆኑ አፋቸውን አያዩትም። ፖሊሷ ወደ ኋላ ትጎትተኛለች። እኔ ፖሊሱን ብለምነው አይሰማኝም፣ ሽማግሌውን «እጅዎን ያውጡ» ብላቸው መታወቂያውን ይዘው ያወጡታል። ጋሽ መኩሪያ ግን ቀና ብለው ወደ በሩ፣ ወደኔ አዩ። ዓይናቸው እንደገና ከንፈሬ ላይ አረፈ። ከጠዋት ጀምሮ ከዚያ አፍ የሚጠብቁት አንድ ቃል ነው።

«ፈቅጃለሁ!» ብዬ ጮህኩ። ነፃ በሆነው እጄ ሶፋውን እያሳየሁ፣ «ፈቅጃለሁ ጋሽ መኩሪያ! ይቀመጡ!»

ገባቸው። ፊታቸው በራ። እጃቸው ከኮታቸው ባዶውን ወጣ፣ ከዘራው ወለሉ ላይ ወደቀ፣ እና ሁለት እጆቻቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «ተመስገን ጌታዬ! ተመስገን!» አሉ። ወጣቱ ፖሊስ ሲለምነው የነበረው ያንን ነበር፤ ባዶ እጅ፣ ወደ ላይ። ከዚያ ቀስ ብለው ሶፋው ላይ ተቀመጡ።

የቀረውን አሳጥሬ ልንገራችሁ። ኪሳቸው ተፈተሸ፤ የወጣው መታወቂያ ነው። ፖሊሶቹ ጠየቁን፣ አስረዳናቸው። ወጣቱ ሽጉጡን ሲመልስ ማኅደሩን ሁለቴ ሳተው። የሰው ልጅ ነው፣ አልጠላሁትም። ይቅርታ ብሎ ወጣ።

ሊንዳ መንገዱን ሮጣ ተሻግራ አቀፈችኝ። «ከበውሽ አየሁ» አለች እያለቀሰች። «አንዱ ዱላ ሲያነሳብሽ አየሁ። ስታለቅሺ አየሁ። ቴክስት አደረግኩልሽ፣ ደወልኩልሽ፣ አልመለስሽም። መጋረጃውንም ከፈትሽልኝ።» እውነቷን ነው፣ ሁሉንም አይታለች። ከዚያ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ፣ «አስፈረሙሽ እንዴ?» አለችኝ።

ከእቅፏ ወጣሁ።

ቤት ስገባ ጋሽ መኩሪያ ሶፋው ላይ ደልደል ብለው ዳቦ ይጠብቃሉ። ከሁላችንም ደስተኛው እሳቸው ነበሩ። የሆነውን አላወቁም። ሽጉጡን አላዩትም፤ ያን ጊዜ የሚያዩት እኔን ነበር። «ምን ፈልገው ነው ልጆቹ?» አሉ። እኔ ዳቦውን ቆርሼ አቀረብኩላቸው። «እንዴት ያሉ ጨዋ ናቸው፣ ደጋግመው ተቀመጥ ይሉኛል» አሉና መረቁኝ። ቤቴን መረቁ፣ ልጄን መረቁ፣ የግርማን ነፍስ በጌታ እቅፍ አኖሯት። የቀዘቀዘውን ሻይ ጠጥተው ግሩም ነው አሉ።

ፓስተር ዳዊት ኩሽና ድረስ ተከትለውኝ መጡ። ከንፈራቸው አመድ መስሏል። «ሰብለ፣ ያ ቃል አይያዝብሽም። በሞት መሐል የወጣ ነው። እኛ ፈትተንሻል።»

«እሳቸውስ?»

«እሳቸውን... ቀስ ብለን እናስረዳቸዋለን።»

ሲሄዱ መኪናው ድረስ ሸኘኋቸው። ጋሽ መኩሪያ ገብተው ከተቀመጡ በኋላ አቶ ሙሉጌታ ጠጋ አሉኝ። «ልንገርሽ ይሆን አልንገርሽ እያልኩ ነው» አሉ። «ኦክላንድ ልጃቸው ቤት ሳሎን ውስጥ፣ ሶፋ ላይ ነው የሚተኙት። ቤተሰቡ ቴሌቪዥን አይቶ እስኪጨርስ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። በረከት ከመደባቸው ክፍሎች አንዱ የሳቸው ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ሽማግሌ ሆነው መጥተው እንዴት የራሳቸውን ጉዳይ ያነሳሉ?»

ማታ ለሊዲያ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። እሷ አማርኛውን ሁሉ ትሰማለች፣ የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነው። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ከዚያ፣ «ማሚ፣ ይሞቱ ነበር እኮ፤ የኛ ቤት ውስጥ» አለች። አለቀስን።

በሳምንቱ መሐል ሊንዳ ቤቷ ጠራችኝ። የኮቨናንቱ ኮሚቴ ሙሉ ነው፤ ጠበቃም አለ። ኬክ ቆርሰው ሰጡኝ፣ አይዞሽ አሉኝ። ከዚያ ጠበቃው በለሰለሰ ድምፅ ሐሳቡን አስረዳኝ። በረከት የላካቸው ሰዎች ቤቴ ገብተው እንቢ ብያቸው ሳለ አንወጣም፣ አንቀመጥም ብለው እንዳስፈራሩኝ ቃሌን ከሰጠሁ፣ የፊርማው ጉዳይ በሙሉ በማስገደድ የተገኘ ነው ተብሎ ይወድቃል። ቤቱ አይሠራም። ኮቨናንቱ ይጸናል።

ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ የግርማ ወንበር ዓይኔ ላይ መጣ። ፀሐይዋ እስክሞት ድረስ የኔ ልትሆን ነው። የሚጠበቅብኝም የሆነውን መናገር ብቻ ነው ማለት ይቻላል። አንወጣም አላሉም እንጂ አንቀመጥም ብለዋል። እንቢ እያልኳቸው ቆመዋል። አልቅሻለሁ።

«ሰዎቹስ ምን ይሆናሉ?» አልኩ።

«ምንም» አለ ጠበቃው። «ምናልባት ፖሊስ ቤታቸው ሄዶ ያነጋግራቸው ይሆናል።»

ሊንዳ እጄን ያዘች። «ሴብል፣ እኛ ላንቺ ነው እኮ።»

እኔ ግን በሐሳቤ ኦክላንድ ሄጃለሁ። ያ ሳሎን ይታየኛል። በሩ ሲንኳኳ አይሰሙም፤ ልጃቸው ሥራ ላይ ነው። ሲደበደብ ይነሳሉ። ይከፍታሉ። ዩኒፎርም ያያሉ። እዚያ ደግሞ «ፈቅጃለሁ» ብሎ የሚጮህ የለም።

«በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «መጋረጃውንም ለነሱ ክብር ነው የከፈትኩት። ማንም አላስፈራራኝም፤ ያስፈራኝ በኋላ የመጣው ነው። ይህንን ቃል አልሰጥም።»

አይዞሽ ያለኝ ሰው ሁሉ ዓይኑን ኬኩ ላይ ተከለ። ሊንዳ እጄን ለቀቀች። «ከኛ ወገን መስለሽን ነበር» አለች። አባባሏ ቁጣ አልነበረውም፣ እሱ ነው የባሰኝ። ብዙ ዓመት ከኛ ናት ስባል የኖርኩት በምን ውል እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። ያ ድሮ የተሻረው መስመር ትዝ አለኝ። ሊንዳ ክፉ አይደለችም ብያችኋለሁ፤ አሁንም እላለሁ። በሚወደኝ ዓይን ስለታየሁ ነው እንግዳዬ ሊሞት የነበረው።

በማግስቱ በረከት ጋ ሄጄ ፈረምኩ። ደስ ብሎኝ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ አስገባሁበት፤ የጋሽ መኩሪያ ክፍል ምድር ላይ፣ በኔ አጥር በኩል እንዲሆን።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ትክክል አደረግሽ እንድትሉኝ አልጻፍኩላችሁም። ፎቁ አሁን እየወጣ ነው። እንጨቱ ብቻ ቆሞ እንኳ ጥላው ከሰዓት በኋላ በለሷን አልፎ ወንበሩ እግር ሥር ይደርሳል። ግድግዳው ሲለበስ ደግሞ ጥላው ወንበሩን ይውጠዋል፤ አውቃለሁ፣ ያመኛል። የቆሻሻ በርሜሌን የማወጣው ራሴ ነኝ። ሊንዳ እጇን አታነሳልኝም፤ መጋረጃዋ ግን ስወጣና ስገባ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። በረከት ውሉ ተነሳ ብሎ በየቦታው ስለሚያወራ ሌሎች ገዢዎችም መጥተዋል፤ ያ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ ፎቶ የሚያነሳው ሰውም ተመልሷል። ማን እንደላከው ዛሬም አላውቅም።

ባለፈው ጋሽ መኩሪያ ክፍላቸውን ለማየት መጡ። ገና ክፍል አይደለም፣ አራት እንጨት ነው። ከዚያ ወደ ጓሮዬ አስገብቼ የግርማ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው፣ የቀረችውን ፀሐይ እንዲሞቁ። ከእሱ ወዲህ ያ ወንበር ላይ ሰው ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነው። ፊታቸው ተቀምጬ ከንፈሬ እንዲታያቸው አድርጌ ቀስ እያልኩ ተናገርኩ። «ጋሽ መኩሪያ፣ እዚህ አገር ፖሊስ ሲያዩ እጅዎን ኪስዎ ውስጥ አይክተቱ። እንዲህ ያድርጉ።» ሁለት እጆቼን አንስቼ አሳየኋቸው።

ሳቁብኝ። «እንደ ሌባ?»

«እንደ ጸሎት ያስቡት።»

«ኧረ ተይ ልጄ» አሉ። «ዩኒፎርም ለብሶ ለመጣ ሰው ሳይጠይቅ ማሳየት ነው። ያን ቀን የመጡት ልጆች እንኳ አይተውት ምን ክፉ ነገር ተናገሩኝ?»

ይህን ብለው የኮታቸውን ግራ ደረት በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። መታወቂያው አሁንም እዚያው ነው።